ያልሰማሁት ጸሎት

አባቴ ጸሎት ከጀመረ ቶሎ አይጨርስም። እሑድ ከቸርች መልስ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ሦስታችንም እንንበረከክና፣ ከአገር መሪዎች ጀምሮ ከከተማው ዳር ዲፕስሉት እስካለው የሱቃችን በር ቁልፍ ድረስ አንድ በአንድ ለእግዚአብሔር ያስረክባል። እግሬ ደንዝዞ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ እናቴ በክርኗ እየጎሸመችኝ፣ ስንት እሑድ እንዳለፈ አላውቅም። አንድ ነገር ግን በልጅነቴ ገብቶኛል። አባቴ ፊት ለፊት ሊነግረን የማይችለውን በጸሎት ይነግረናል። ሲቆጣኝ ውሎ ይቅርታ ማለት ሲያቅተው፣ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ በልጄ ላይ የተናገርኩትን አንተ ታውቃለህ» ይላል፤ እኔ አጠገቡ ተንበርክኬ እሰማለሁ። ሱቁ የተዘረፈ ጊዜም ያወቅነው እንደዚያው ነው። በእኛ ቤት ከባድ ወሬ በእግዚአብሔር በኩል ነበር የሚደርሰን።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስፓኒሽ ማጥናቴ ለማንም አልገባውም። የቸርች እናቶች «አካውንቲንግ ምን አለሽ?» ይሉኛል። በሦስተኛ ዓመቴ ለአንድ ሴሚስተር ስፔን ሄጄ የመማር ዕድል ሳገኝ ግን ከሁሉም የበለጠ የተደሰተው አባቴ ነበር። እሱ በያዘው የስደተኛ ፔፐር ከደቡብ አፍሪካ ወጥቶ መመለስ አይችልም፤ ከቤታችን ፓስፖርት ያለኝ፣ ያውም ስንት ዓመት ተመላልሼ ያገኘሁት፣ እዚሁ የተወለድኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሲሸኘኝ «በየእሑዱ እደውላለሁ፣ አብረን እንጸልያለን» አለኝ። እሺ አልኩ፤ ከልቤ ነበር።

ደቡብ ስፔን፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ከሦስት ሴት ተማሪዎች ጋር አፓርታማ ተጋራሁ። እዚያ ስለ ሱቃችንም ስለ ፔፐሩም የሚያውቅ የለም። ከጆሃንስበርግ የመጣች ልጅ ነኝ፤ በቃ። ይህን ምን ያህል እንደወደድኩት ስናገር አፍራለሁ፤ ግን ወድጄው ነበር። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትልቁ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። አባቴ የሚደውለውም ልክ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ክፍሌን ዘግቼ አብሬው እጸልይ ነበር። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዷ በሩን ከፈት አድርጋ «ማነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለችኝ። «ሬዲዮ ነው» አልኳት። የገዛ አባቴን ሬዲዮ አደረግሁት! ከዚያ ወዲያ ዘዴ አገኘሁ። «እንጸልይ» ሲለኝ የእኔን ድምፅ እዘጋና ስልኩን ሳህኔ አጠገብ እደፋዋለሁ። በየመሃሉ አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ፤ «በልጅህ በኢየሱስ ስም» ሲል ከደረስኩ ድምፄን ከፍቼ «አሜን!» እላለሁ። አንድም ቀን ስቼ አላውቅም። ብልጠቴ ለራሴ ያስቀኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር አንድ እሑድ ጸሎቱ ከወትሮው ረዘመ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ድምፁ ሻካራ ሆኖ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብሎኛል። ሁለት ጊዜ ስልኩን ባነሳም አልጨረሰም። በሦስተኛው ደረስኩና አሜን አልኩ።

«ታዲያ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» አለኝ።

«ምንም አባዬ፣ ደህና ነኝ። አሁን ምሳ እየጠበቁኝ ነው።»

«እሺ። ብዪ። ብዪ የኔ ልጅ፣ እንዳይቀዘቅዝብሽ።»

የአባቴን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው እሑድ የደወለችው እናቴ ናት። «አባትሽ ድምፁ ተዘግቷል» አለችኝና አጠር አድርጋ ጸለየች። በማጠሩ ደስ አለኝ። እስክመለስ ድረስ እንዲሁ ቀጠለ። ጉንፋን ሁለት ወር እንደማይቆይ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

ስመለስ አባቴ ከእናቴ ጋር አየር ማረፊያ ቆሞ ጠበቀኝ። አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ ከሻርፑ ስር ጉሮሮው ላይ ቀዳዳ አለ። አቅፎ ሳመኝ፤ ቃል ግን አልወጣውም። እናቴ መኪና ውስጥ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሞቹ ድምፅ የሚያወጣበትን የጉሮሮውን ክፍል አወጡት። ትምህርቴን ጥዬ እንዳልመጣ ብላ፣ እንዳይነግረኝ አስምላው ነበር። እሱ ግን አልቻለም። ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ሊደረግ፣ ጸሎቱ በረዘመበት በዚያ እሑድ፣ በለመደው መንገድ፣ በጸሎት ነገረኝ።

«ድምፄ ሳይሄድ ነገ ትደውልልኝና እስክጠግብ ላዋራት ብሎ ጸለየ። አጠገቡ ነበርኩ» አለች እናቴ። «አንቺም አሜን አልሽ። ሰኞ ሱቅ አልሄደም፤ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ይዞ ዋለ።»

አባቴ ከፊት ወንበር ዞሮ አየኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ ዝም ብሎ ነው የሚያየኝ። ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን አባቴ የቸርች ሽማግሌ ነው። ጸሎትህን ሳህን አጠገብ ደፍቼ ስበላና ስስቅ ነበር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። በእኛ ቤት ለጨካኝ ልጅ ምሕረት አለ፤ በጸሎት ለቀለደ ግን እኔ እንጃ። ስለዚህ «ፈተና ነበረብኝ» አልኩ። ሰምቼ ሳልደውል እንደቀረሁ ሆነ ማለት ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ነቀዘ። በሱቁ የሽቦ መስኮት በኩል በዙሉኛ ሰላምታ «ሳውቦና!» እያለ መንገደኛውን ሁሉ ይጠራ የነበረው አባቴ በጣቱ እያመለከተ መሸጥ ጀመረ። ደንበኞቹ ለመዱት፤ እኔ አልለመድኩትም። ስፓኒሹን ግን በከፍተኛ ውጤት ጨረስኩት፤ ምን ይጠቅማል?

አሁን እሑድ እሑድ ጸሎቱን ደብተር ላይ ይጽፍና ጮክ ብዬ እንዳነብለት ይሰጠኛል። ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሲሞላ፣ አንድ እሑድ እያነበብኩ እዚህ ላይ ደረስኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ልጄ ያኔ ለምን እንዳልደወለችልኝ አልጠየቅኋትም። ልጅ ናት። አንተም አትጠይቃት።»

መቀጠል አቃተኝ። ደብተሩን ዘግቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ምሳውን፣ የተደፋውን ስልክ፣ ሬዲዮውን ሳይቀር። እናቴ «ኢየሱስ!» ብላ አፏን ያዘች። እኔ አንገቴን ደፍቼ የአባቴን ቁጣ ጠበቅሁ።

ደብተሩን ከእጄ ወሰደና ጻፈ። «አልሰማሽም ነበር?»

«አልሰማሁም፣ አባዬ።»

«ምንም?» ብሎ ጻፈ።

«ምንም።»

ያኔ ሳቀ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ጸሎቱን ስለማቃለሌ አንዲት ቃል አልጻፈም። የጻፈው «ሰምተሽ የተውሽኝ መስሎኝ ነበር። ጌታ ይመስገን» የሚል ነው። ደጋግሞ ራሴን ዳበሰኝ። የፈራሁት ቁጣ መጥቶ ቢሆን በተሻለኝ። ያን ቀን መኪና ውስጥ አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ ይህ ሸክም ያኔውኑ ይወርድለት ነበር፤ እኔ ግን ለራሴ ክብር ስል አሸከምኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ልጄ ሰምታ ትታኛለች ብሎ እያመነ፣ በየጠዋቱ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኝቶኛል።