ሽንት ቤት የገባው ታሪካችን

የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ሲነሣ፣ ታሪኩን እንድጽፍ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። እውቀት አይተውብኝ አይደለም። ኮምፒውተሩም ማተሚያውም የኔ ስለሆነ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ አለኝ። ዝም ማለት ማብዛቴንም ወደውልኛል፤ ዝምተኛ ሰው የተነገረውን ይጽፋል ብለው።

ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣሁት ከአሥረኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሰዎች ለማስጻፍ የሚያመጡትን እያነበብኩ ነው፤ የውርስ ክርክር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዝውውር ማመልከቻ። በተለይ የዝውውር ማመልከቻ። እዚህ የሚመደብ መምህር የመጀመሪያው ግንቦት ላይ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ሲጣበቅ ወደ ሱቄ ይመጣና ደብረ ሲና ካልወሰዳችሁኝ ይላል። «የጤና እክል» ብዬ እጽፍለታለሁ። እክሉ ፀሐይዋ ናት።

ሸዋሮቢት ሲባል ሌላው አገር የሚያውቀው ማረሚያ ቤቱን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳለን ስነግረው «ማረሚያው ውስጥ?» ብሎ የጠየቀኝ መንገደኛ አለ።

ታሪኩን ያገኘሁት ጡረታ ከወጡ መምህር ነው። ከጎጃም ለአንድ ዓመት ተመድበው መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። እንደነገሩኝ የትምህርት ቤቱ ታሪክ በአጭሩ የወንበር እጦት ታሪክ ነው። አንድ ዘመን ተማሪው በዛ፣ ዴስኩ አለቀ፣ አዲስ ዴስክ የሚልክ ጠፋ። ያኔ አንድ ደንብ ወጣ። ዘጠነኛ ክፍል ለመመዝገብ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድና የመቀመጫ ድንጋይ።

ድንጋዩ የሚመጣው ከሮቢ ወንዝ ነው። ወንዙ በበጋ ከውኃ ይልቅ ድንጋይ ስላለው ችግር አልነበረም። አንድ ፊቱ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ቁመቱ ከጉልበት በታች። ወንዶቹ በትከሻቸው፣ ሴቶቹ በነጠላ አዝለው ያመጡት ነበር። ከዚያ በሚስማር ምልክት ይጭሩበታል፤ ምክንያቱም ድንጋይ ይሰረቃል። የተሰረቀበት ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ላብና አቧራ ሲያቦካ ይከርምና እሱም በተራው የሌላውን ያነሣል። ማንም እንደ ሌብነት አይቆጥረውም፤ ከድንጋዩ ባለቤት በስተቀር።

በኋላ ዴስክ መጣ። ድንጋዩ ግቢው ውስጥ ተቆልሎ ቀረ። ወላጆች ሰብሰብ አሉና በቁልሉ የሴቶች ሽንት ቤት ገነቡበት። እስከዚያ ድረስ የሴቶቹ ሽንት ቤት የወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ነበር። የወንዶቹ እስከ ዛሬም አጥሩ ነው፤ የአጥሩ ቆርቆሮ ከሥሩ የዛገው በዝናብ አይደለም።

ይህን ሁሉ ጽፌ የበዓሉ ኮሚቴ ፊት ሳቀርብ አንድ እንግዳ ተጋብዞ ነበር። የድሮ ተማሪ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ኮንትራክተር። መኪናውን ሞተሩን ሳያጠፋ ነው ያቆመው፤ ሲመለስ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀው።

«እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የተማርኩ ሰው ነኝ» አለ። «በር ላይ በነዚያ ድንጋዮች ሐውልት አቆማለሁ። የኔ ድንጋይ ከላይ ይሆናል። የስሜ የመጀመሪያ ፊደል አለበት። የት ናቸው?»

ርዕሰ መምህሩ ከደሴ በኩል የተመደበ ወጣት ነው። ወደኔ አየ። እኔ ከኮሚቴው ጋር ወደተቀመጡት ጡረተኛ መምህር አየሁ።

«ድንጋዮቹማ ሽንት ቤት ገብተዋል» አሉ መምህሩ ለስላሳቸውን እየጠጡ። «የሴቶቹ።»

ኮንትራክተሩ ትንሽ አሰበና «ይፈርሳላ!» አለ።

«ይፈርሳል» አለ ርዕሰ መምህሩ ቶሎ። «ሽንት ቤቱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራል።»

ሁለተኛውን ምዕራፍ እኔ አውቀዋለሁ። ቤተ መጻሕፍቱም በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራል ተብሎ ነበር። መሠረቱ ላይ ጉሎ በቅሎ፣ ጥላው ሥር የጎረቤት ፍየሎች ያርፋሉ።

ማታ ቤት ገብቼ ነገሩን ተናገርኩ። ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የኔንም የወሬ ድርሻ ጨምራ የምታወራ ልጅ።

«እና እኛ የት እንሂድ?» አለች። «ሐውልቱ ሥር?»

እናቴ ለገበያ የምታወጣውን ሽንኩርት እየለየች ነበር። ገበያ ላይ ሽንኩርትና የማሾ ጥራጥሬ ትሸጣለች። የኮንትራክተሩን ስም ስጠራ እጇን አቆመች።

«ማን አልከኝ? ያ ጆሮው ትልቁ? ‹የኔ ድንጋይ› አለ?» ሳቋ መጣ። «ድንጋይ መች ነበረውና! የኔን እኮ ነው የሰረቀኝ። ከወንዝ አዝዬ ያመጣሁትን። ሦስት ጭረትና አንድ ክብ አድርጌበት ነበር። ሲጠፋብኝ ብፈልግ ብፈልግ፣ እሱ ገልብጦ የራሱን ፊደል የጫረበት ድንጋይ ላይ ቂጢጥ ብሏል። ‹ተነሥ፣ ሥሩን ልይ› ብለው አልነሣም አለ። ዓመቱን ሙሉ አልተነሣም! በእረፍት እንኳ!»

«አንቺስ የት ተቀመጥሽ?» አለች እህቴ።

«መሬት ነዋ። መሬቱስ ግድ የለም።» ሽንኩርቷን መለየት ቀጠለች። «አሥረኛን ያቋረጥኩት በሒሳብ ነው የምላችሁ ውሸቴን ነው። ሒሳብ እችል ነበር። ያቃተኝ ውኃ ጥም ነው። ቁጥቋጦው ጋ ወንዶቹ እየጠበቁ ያፏጩብናል። እዚያ ላለመሄድ ጠዋት ውኃ ሳልጠጣ እሄዳለሁ። በዚህ ሙቀት! ሁለት ጊዜ ክፍል ውስጥ ወደቅሁ። ሦስተኛውን አልጠበቅሁም።»

ይህን ከዚያ በፊት ነግራን አታውቅም።

«እና ዝም ብለን እንይ?» አለች እህቴ።

«የምን ዝም። ሲመጣ ጥሩኝ።»

ኮንትራክተሩ የመጣው በእረፍት ሰዓት ነው። ግንበኛ ይዟል፣ ግንበኛው ድጅኖ ይዟል። ርዕሰ መምህሩ ከፊት፣ መምህሩ በከዘራቸው ከኋላ። እኔ ታሪኩ ለሚወጣበት የበዓሉ መጽሔት ፎቶ እንዳነሣ ታዝዣለሁ። ለእህቴ ከአስፋልቱ ማዶ በእጄ ምልክት ሰጥቼ፣ እሷም ገበያ ሮጣ ተመልሳ ሰልፉ ውስጥ ገብታለች። ሰልፉ ረጅም ነው። የሽንት ቤቱ በር ማጠፊያው ስለወለቀ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ከውጭ ትደግፋለች፤ ስለዚህ የሚቆመው በጥንድ ነው።

«ልጆች፣ ገለል በሉ፤ እንግዳ አለ» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ቲቸር፣ እንግዳም ቢሆን ተራ ይያዝ» አለች እህቴ። «ጋሼ፣ ከኔ ኋላ ነዎት። በሩን ማን ይይዝልዎታል?»

ሰልፉ በሳቅ ተንጫጫ። ኮንትራክተሩ ያልሰማ መስሎ ግድግዳውን ዞረ። ማዕዘኑ ላይ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ፊደሉን አገኘው። መነጽሩን አውልቆ በጣቱ ዳሰሰው። እውነቱን ለመናገር ዓይኑ እርጥብ ነበር። ፎቶውን አንሥቼዋለሁ።

ግንበኛው ጎንበስ ብሎ አየ። «ይህ የማዕዘን ነው። እሱ ከወጣ ሌላውም ይከተለዋል።»

«ይውጣ» አለ ኮንትራክተሩ።

እናቴ የደረሰችው ያኔ ነው። የማሾ መስፈሪያ ጣሳዋን እንኳ ከእጇ አላስቀመጠችም።

«እንዴት ዋልክ?»

አፈጠጠባት። «አንቺ! አለሽ?»

«አለሁ። ድንጋዬን ልወስድ መጣሁ።»

«የምን ድንጋይ?»

«እሱን። አውጡት፣ አውጡት!» አለች ግንበኛውን በጣሳዋ እያመለከተች። «ሥሩ ሦስት ጭረትና አንድ ክብ ካልተገኘበት እኔው አዝዬ አዲስ አበባ አደርስልሃለሁ። ማዘሉን ለምጄዋለሁ። ከተገኘበት ግን ሐውልቱ ላይ የኔ ስም ይጻፍ፤ ካንተ ስም ጎን ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ደግሞ ልጄ ያውቃል፣ ጸሐፊው እሱ ነው።»

መምህሩ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «አሃ! ጥያቄ ስጠይቅህ ቁጭ ብለህ የምትመልሰው ለዚህ ነው ለካ! እኔ እኮ ንቀት መስሎኝ ስንት ጊዜ ከክፍል አስወጥቼሃለሁ!»

«ስታስወጡት ድንጋዩን ይዞ ነበር የሚወጣው» አለች እናቴ።

ሴቶቹ ልጆች ሰልፉን ትተው ከበቡን። ግንበኛው ድጅኖውን ከድንጋዩ ሥር አስገብቶ ቀና አለ። «ልጀምር?»

ኮንትራክተሩ ጀምር ቢለው ያለቀለት ድንጋዩ ሳይሆን ሽንት ቤቱ ነው፤ እናቴም ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ፊቷ ላይ ግን ምንም አይታይም፤ በሽንኩርት ዋጋ ሲከራከሯት የምታሳየው ፊት ነው። ኮንትራክተሩ ድጅኖውን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ በመጨረሻ እኔ እጅ ላይ ያለውን ስልክ አየ። ከፎቶው ወዲህ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነበር።

«ቆይ» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳስበው፣ ታሪክ የሚያምረው ባለበት ቦታ ሲቀመጥ ነው።»

«ልክ ነው!» አለ ርዕሰ መምህሩ። «እኔም ይህንኑ ልል ነበር።»

«ተውከው?» አለች እናቴ።

«ተውኩት።»

«እንግዲያው በሩን አስጠግነው። ከመጣህ አይቀር።»

በሩ በሳምንቱ ተጠገነ። ብረት በር ነው፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። የመጀመሪያ ቀን ሰልፉ የረዘመው አስቸኳይ ጉዳይ የሌላቸውም መቀርቀሪያውን ሊሞክሩ ስለገቡ ነው።

ጉዳዩ አላስተኛ ስላለኝ እናቴን ጠየቅኋት። ምልክቱ እውነት ከሥሩ አለ ወይ? ያላየሁትን መጻፍ አልወድም።

«እኔ ምን አውቄ» አለች። «ድንጋይ ሁሉ ይመሳሰላል። ስንቱስ ተሰራርቋል። መስረቁን ግን ሰርቆኛል።»

ስለዚህ ስለ ምልክቱ አልጻፍኩም። ርዕሰ መምህሩ ረቂቁን አንብቦ አንድ እርማት ብቻ ሰጠኝ፤ «ሽንት ቤት» የሚለው ሁሉ «የንጽሕና አገልግሎት መስጫ» ይባል አለ። እሺ አልኩት። ከዚያ ሽንት ቤት ብዬ አተምኩት። መጽሔቱ የተበተነው በበዓሉ ቀን ነበርና ለማረም ጊዜ አልነበረም።

እህቴ ጠዋት ከመሄዷ በፊት የውኃ ኮዳዋን አፉ ድረስ ትሞላለች። እናቴ ታያታለች። ስትመለስ ኮዳው ባዶ ነው።