በወንድሜ ልክ የታሰረ መቀመጫ

ትራክተሩ የመጣው ጎማው ወልቆ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር የጭነት መኪናው ቆመ፤ ሾፌሩ ወርዶ ወደ ጭነቱ እያመለከተ «የናንተ ነው፤ አውርዱት» አለን። በምን እንደምናወርደው አልነገረንም። መኪናውን ወደ ኋላ አስኬድነውና ከመንገዱ ዳር ካለው ጉብታ ጋር አስጠጋነው። ጣውላ አነጠፍን። ማኅበርተኛው በሙሉ ጠፍር ይዞ ጎተተ። ሲወርድ አየነው፤ ትንሽ ነው። ሰማያዊ ቀለሙ ያብለጨልጫል፤ ቁመቱ ግን ከደረቴ አይበልጥም።

«ይኼ ጥጃ ነው እንጂ በሬ አይደለም» አለ አንድ ጎረቤታችን።

«አይዞህ፣ ናፍጣ ሲጠጣ ያድጋል» አለው ሌላው።

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። እናቴ ጥቁር ለብሳ ጉብታው ላይ ቆማ አየኋትና ተውኩት።

ያንን ትራክተር ሊነዳ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ነው። የገበሬ ማኅበራችን እሱን መርጦ ለሥልጠና ወደ አዋሽ፣ ወደ መንግሥት እርሻ ላከው። እኛ ደገኞች ነን፤ ወባን በስም እንጂ በአካል አናውቃትም። ሥልጠናውን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ያዘችው። እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። መርዶው የደረሰን ጥምቀት እንዳለፈ ነው። ትራክተሩ ደግሞ በየካቲት መጣ። ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ ልጽፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለ ትራክተሩ ግን መጻፍ እችላለሁ።

ከጭነቱ ጋር ከአውራጃ የመጣ የእርሻ ባለሙያ ነበር። ቀጭን፣ በጣም ረጅም ሰው። ባርኔጣውን አውልቆ እናቴን «እግዜር ያጥናዎት» አላት። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ነጂያችሁ እንደሌለ አውቃለሁ። ማሽን ግን ቆሞ ዝናብ ሊመታው አይገባም። ከፋሲካ በፊት እመለሳለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ተዳፋት አርሶ የሚያሳየኝ ሰው ካላችሁ የናንተ ነው። ከሌለ ነጂ ላለው ማኅበር ይሄዳል።»

ሊቀመንበሩ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ይኼ አለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል።»

«ትራክተር ነድቶ ያውቃል?»

«ወንድሙ አስተምሮታል።»

ውሸት አልነበረም፤ እውነትም ለማለት ያስቸግራል። ወንድሜ በመስቀል ሰሞን ለእረፍት መጥቶ ነበር። በረት አጠገብ ባለው የገለባ ክምር ውስጥ ዱላ ተከለ፤ ማርሽ ነው አለኝ። ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ የግራው ፍሪሲዮን፣ የቀኙ ፍሬን። በርጩማ ላይ አስቀመጠኝና ሞተሩን በአፉ አስነሳው። «ርገጥ። ማርሽ አግባ። አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ቀስ! ከእግርህ ሥር እንቁላል አለ በል።» ቶሎ የለቀቅኩ ጊዜ መላ አካላቱ ይንዘፈዘፍና ዝም ይላል። «ጠፋ። እንደገና።» እናቴ ወተት ይዛ ስታልፍ አይታን «ሁለት እብዶች» ብላ ስቃለች። የነዳሁት ትራክተር ይኸው ነው።

ግን ይሄን ትራክተር ማንም እንዲወስድብን አልፈለግኩም። ወንድሜ ቆላ የወረደው ለሱ ነው። ወደ ሌላ አገር ቢሄድ የወረደው ለምን ሊሆን ነው? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። «እሞክራለሁ» ብቻ አልኩ።

አብሮት የመጣው መመሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ አድርጌ አነበብኩት፤ ብዙው አልገባኝም፤ ሥዕሉ ግን ደግ ነበር። በመጀመሪያ ጎማ። ወንድሜ በዚያው በመስቀል «ለኛ ተዳፋት ጎማው ጠቦ ከታሰረ ይገለበጣል፤ ቸርኬውን ገልብጦ ማስፋት ነው» ብሎኝ ነበር። ግንድ በግንድ ላይ እያነባበርን፣ በአጠና እያነሣን፣ ድንጋይ ከሥሩ እያስገባን ከፍ አደረግነው። የኋላ ጎማዎቹን ገልብጠን አሰርን። ሰፋ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። ከዚያ ሥዕሉን ሳይ የጎማው ጥርስ ወደ ኋላ ዞሯል፤ ለካ ሲገለበጥ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ መሄድ ነበረበት።

«ፍቱ» አልኩ።

«አሁን አሰርን አይደለም እንዴ?»

«ግራና ቀኙን ለማዛወር ነው።»

«ትምህርት እንዲህ ነው? አስሮ መፍታት?»

ግን ፈቱ። እየተሳደቡ ፈቱ፤ እየተሳደቡ አሰሩ።

ማረሻው ከኋላ ሲንጠለጠል የትራክተሩ አፍንጫ ከመሬት ቀለለ። ከፊት ክብደት ያስፈልገው ነበር። አብዮት ጥበቃዎቹ ባዶ የጥይት ሣጥን አመጡ፤ የወንዝ ድንጋይ ሞላንበትና ከፊቱ በብረት አሰርነው። ለብርዱም አንድ ነገር ማድረግ ነበረብን። ማታ የራዲያተሩን ውኃ እናወርዳለን፤ ጠዋት ለብ ያለ ውኃ እንሞላና ሞተሩን በባና እንሸፍነዋለን። የሊቀመንበሩ ሚስት ይህን አይታ «እኔን በብርድ ልብስ እጦት ሲያንቀጠቅጠኝ ኖሮ ለብረት ባና ደረበ» ብላ ባሏን አማችው።

የቀረው መቀመጫው ነበር። ከሥሩ ሐዲድ አለው፤ ሐዲዱ ላይ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ቡሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ በነጂው እግር ርዝመት ይወሰናል ይላል መጽሐፉ። ሊቀመንበሩ መፍቻውን ይዞ «የት ላይ እንሰረው?» አለኝ።

«መጨረሻው ላይ» አልኩ።

ወንድሜ ረጅም ነበር። ከቤታችን ደጃፍ ጎንበስ ሳይል አያልፍም። እኔ ትከሻው ሥር ነኝ። ይህን እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግን አንድም ሰው «ላንተ ይርቅሃል» አላለኝም። በልቅሶው ቀን ፈረሱን ጭነን አውጥተነው ነበር፤ አስከሬኑ የለማ። እርካቡ እሱ እንደተወው ተንጠልጥሎ ሰው መሀል ሲሳብ ዋለ። መቀመጫውም እንደዚያ መሆን ያለበት መሰለኝ። ለሌላውም ሳይመስለው አልቀረም። ሊቀመንበሩ የቡሎኑን ዳዶ እስኪያቅተው ድረስ አጠበቀው። አክስቴ የፈረሱን ቀይ የሱፍ ጌጥ አምጥታ መብራቱ ላይ አሰረችው።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው እናቴን ሲያዩ መሀል ላይ ተቆረጠ። ሁሉም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል። እሷ ጥቂት ቆማ አየችው፤ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መከራ ነበር። ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ ወደ መቀመጫው ጫፍ እንሸራተታለሁ፤ ጀርባዬ በአየር ላይ ይቀራል፤ እንዳልወድቅ መሪውን አንቄ እይዛለሁ፤ ያን ጊዜ መሪው ይዞራል። በእግሬ ጣት የረገጥኩት ፔዳል ያመልጠኛል፤ ትራክተሩ ይዘልና ይጠፋል።

«ፈረስ እንኳ እንዲህ አይዘልም!» ይላሉ።

«ጓድ ነጂ፣ ወዴት ነው? ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ?»

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ግን ቡሎኑን ልፈታ መፍቻ ያነሳሁ ቀን እጄ እምቢ አለኝ። ወንድሜን ከመቀመጫው የማስነሳው መሰለኝ። ስለዚህ ሌላ ሌላ ዘዴ ፈለግኩ። ከጀርባዬ አጎዛ አጥፌ አስገባሁ። ፔዳሉ ላይ እንጨት በጠፍር አሰርኩ። ሜዳው ላይ ሲሆን እየተንገዳገድኩም ቢሆን መሄድ ጀመርኩ። ሞተሩ አዲስ ስለሆነ ሳያስጨንቁት ቀስ ብሎ መለማመድ አለበት ይላል መጽሐፉ። እኔም እንደሱ ነበርኩ።

ተዳፋቱን የሞከርኩ ዕለት ሰው ተሰብስቦ ነበር። ግማሽ ድረስ ደህና ወጣሁ። ማርሽ ልቀይር ስረግጥ እንጨቱ ከፔዳሉ ላይ ተንሸራተተ፤ አጎዛውም ከጀርባዬ ወጣ። ማርሹ ወጥቷል፤ ፍሬኑ ለእግሬ አልደርስ አለ። ትራክተሩ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላ የነበሩት እየጮኹ ሸሹ። እኔ መሪውን ብቻ ይዤ ነበር። ማረሻው ከታች ያለው እርከን ውስጥ ተሰክቶ አቆመኝ። ሰው አልተጎዳም። ጎማው ሰፍቶ ባይታሰር ኖሮ ተገልብጬ ነበር፤ ይህን በኋላ ነው ያሰብኩት።

ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጣ። አልተቆጣኝም። «ልጄ፣ ይበቃል» አለኝ። «አንዱን አልቅሰናል፤ አንደግምም። ሰውየው ሲመጣ ይውሰደው።»

ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እኔ እርከኑ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ በጭቃው ላይ እየተጠነቀቀች ስትወርድ አየኋት። መርዶው ከመጣ ወዲህ ወደ እርሻ ወርዳ አታውቅም።

«ውጣና ተቀመጥ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ተይኝ።»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ወጣሁና ተቀመጥኩ። ከጎን ቆማ እግሬን አየች። እጇን በጫማዬና በፔዳሉ መሀል አስገባች፤ መዳፏ በሙሉ ገባ።

«ይኼ የማን እግር ነው የሚደርስበት?»

እግሬን ከፔዳሉ መለስኩ።

«እኔን ነው የምትደብቀኝ?»

«የጋሼ» አልኩ፤ ወንድሜን እንዲያ ነበር የምጠራው።

እጇን ከፔዳሉ አወጣች። ከዚያ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ ነገረችኝ። «አባታችሁ ሲሞት ፈረሱን ለወንድምህ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ገና ልጅ ነበር፤ እግሩ ከእርካቡ በላይ ይንጠለጠላል። እርካቡን ላሳጥርልህ ስለው ‹የአባቴ ነው፣ አትንኪው› ብሎ አለቀሰ። እያለቀሰ አሳጠርኩት። ምን ላድርግ፣ ገደል ለገደል የሚሄድ ልጅ! ከዚያ አደገ፤ ራሱ መልሶ አስረዘመው። አንዱን ቆላ ወሰደብኝ። ሁለተኛውን ይኼ ብረት እንዲወስድብኝ ነው እዚያ ኋላ ያሰርከው? ፍታው።»

መፍቻውን አነሳሁ። ሊቀመንበሩ አጥብቆት ስለነበር ዳዶው እምቢ አለ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና መፍቻውን ከእጄ በላይ ያዘች። አብረን ገፋነው። ሲላቀቅ ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር፤ እሷ «ውይ!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አፏን ያዘች። መቀመጫውን ከኋላ ገፋችው። አንድ ቀዳዳ፣ ሌላ ቀዳዳ።

«ርገጥ። ደረሰ?»

«ገና ነው።»

እንደገና ገፋች። «አሁንስ?»

ረገጥኩ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ፤ ጀርባዬ ደግሞ ከመቀመጫው አልተነሳም። «ደረሰ» አልኩና ቡሎኑን እዚያ ላይ አጠበቅኩት።

«እንግዲህ ቀስ ብለህ ልቀቅ። እንደዚያ አልነበር የሚልህ?»

ሞተሩን አስነሳሁ። ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ከእርከኑ ወጣ።

ወደ ቤት እየነዳሁ ስመለስ እሷ ከፊት ከፊት ሄደች። መንገድ ላይ ያገኘናት ሴት ሁሉ ቆማ አየችን፤ ማንም እልል አላለም። ሊቀመንበሩ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። መቀመጫውን አየ፣ እናቴን አየ፤ በሩን ከፍቶ ትራክተሩን ወደ ግቢ አስገባው።

ከዚያ በኋላ በየዕለቱ ተለማመድኩ። ትልቅ ነጂ ሆንኩ አልልም። ትልሜ ይጣመም ነበር፤ ገበሬዎቹም ይህን ሳይነግሩኝ ያደሩበት ቀን የለም። ግን ተዳፋቱን ወጣሁት፤ ደግሜም ወጣሁት።

የአውራጃው ሰው እንዳለው ከፋሲካ በፊት መጣ። የበልግ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ለስልሷል። ታች ጀመርኩ። ማርሽ መቀየሪያው ቦታ ስደርስ ረገጥኩ፣ አስገባሁ፣ ለቀቅኩ። አልጠፋም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ደርሼ ስዞር ጥቁሩ አፈር ከታች እስከ ላይ ተገልብጦ ይታየኛል። እናቴ ከሰው ተለይታ ሳይሆን ከሴቶቹ መሀል ቆማ ነበር። እልልታው መጣ። በዚህ ጊዜ መሀል ላይ አልተቆረጠም፤ ማን እንደጀመረው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰውየው ደስ አለው። «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብሎ ወጣ። ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ረጅም ነው ብያለሁ። ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ «ይኼ መቀመጫ በጣም ወደ ፊት መጥቷል፤ መፍቻ አምጡ፣ ወደ ኋላ እንመልሰው» አለ።

ሊቀመንበሩ መፍቻውን ለመስጠት እጁን ሲዘረጋ እናቴ ቀደመችው።

«ምነው ጌታዬ፣ ትራክተሩን ሊወስዱት ነው?»

«ኧረ አልወስደውም፣ እናቴ። የናንተ ነው ብያለሁ እኮ።»

«እንዲያ ከሆነ አይንኩት» አለችው፤ ወደ እኔ አመለከተች። «የሚነዳው እሱ ነው።»

ሰውየው እየሳቀ ጉልበቱን ሰብስቦ ወረደ። እኔ ተመልሼ ወጣሁ። ገና የሚታረስ ነበር።