የጭምዴሳ ስፒከርና የኡርጌ ግድግዳ

መቱ ውስጥ ጋሼ ጭምዴሳን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት ከአውቶብስ የወረደ ነው፣ ወይ እያወቀ የሚደብቅ። ማዕረጉ «ጋሼ» ነው። ሐሜት ግን ማዕረግ ስለማያውቅ እኛ ጭምዴሳ እያልን እንቀጥል።

ዕድሜውን ሙሉ የቡና መጋዘን ጠባቂ ነበር። ጠባቂ ሲባል ዱላ ታቅፎ በር ላይ የሚያንቀላፋው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ከሌባ ይልቅ ከእርጥበት ነበር የሚጠብቀው። ጆንያ መሬት አይነካም፣ ጣውላ ላይ ይደረደራል። ግድግዳም አይነካም፣ አንድ ክንድ ይርቃል። ዝናቡ ገባ ሲሉት መውጣት በሚረሳበት አገር ይህን እንደ ሃይማኖት የያዘ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ የሚጠብቀው ነገር ያጣል።

ሚስቱ ዲሪቤ ስትሞትማ ጨርሶ አጣ። ዲሪቤ ሳቂታ ነበረች፤ ያ ሁሉ ሰው በሩን እየገፋ የሚገባው ለእሷ ኖሯል። እሷ ስትሄድ የሰው እግርም ተከትሏት ሄደ። ሴት ልጁ አሜን እዚያው ከጓሮው ጀርባ ተድራ ብትኖርም የራሷ ጎጆ፣ የራሷ ልጆች አሏት። ጭምዴሳ ደግሞ «ኑ፣ ግቡ» የሚል አፍ አልፈጠረበትም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያዳምጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ማባራቱን ያዳምጣል።

ይህን ያየው ወንድ ልጁ ቀነዓ ነው። ቀነዓ የአይሱዙ ሾፌር ነበር፤ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሸቀጥ ጭኖ ይመለሳል። አንድ ቀን ከሸቀጡ መሀል አንድ አምፕሊፋየርና ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች አወረደ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አለ ጭምዴሳ።

«አባ፣ ይሄ ቤት ዝም ብሏል። እንዲናገር ነው።»

«ቤት ሲናገር ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! ሰምቶ ይምጣ። በእማዬ ጊዜ እንደዚያ አልነበር?»

ያቺ «ሰምቶ ይምጣ» በጭምዴሳ ጆሮ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያ በር ሰው እንዲገባ።

ችግሩ፣ እጁ የለመደው መጠበቅን እንጂ መክፈትን አይደለም። ስፒከሮቹን እንደ ጆንያ ጣውላ ላይ አቆማቸው፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ አራቃቸው። ሽቦውን ምንጣፍ ስር ማሳለፍ አይታሰብም፤ «የሚረገጥ ሽቦ ውስጥ ውስጡን ይበላና አንድ ቀን ቤት ያቃጥላል» ብሎ በግድግዳው ጥግ ጥግ ወሰደው። አሜን የሠራችውን ዳንቴል አምጥታ አምፕሊፋየሩን ብታለብሰው፣ ወዲያው ገፎ አጥፎ መለሰላት።

«ይሄ ይተነፍሳል፣ ልጄ። ሙቀቱ የሚወጣው በዚህ በጀርባው ነው። ያማረበት መስሎሽ ታፍኚዋለሽ።»

ከሱሌማን ሱቅ ስታብላይዘር ገዛ። ሱሌማን ነጋዴ ነውና ያን ዕለት ዲቫይደርም ሊያስይዘው ሞክሮ ነበር። «ሁሉንም በአንድ ላይ ይሰኩታል ጋሼ፣ ፍሪጁንም ጭምር!» ቢለው ጭምዴሳ ሳቀበት።

«ፍሪጅና ዘፈን ከአንድ ጡት አይጠቡም።»

አከፋፈቱማ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ስታብላይዘሩ ይበራል፤ «ቋ» ብሎ እስኪረጋ ይጠበቃል። ከዚያ አምፕሊፋየሩ፣ ድምፁ እስከ ታች ተቀንሶ። ሲዘጋ በተገላቢጦሽ። ሰማይ ካጉረመረመ ሶኬቱ ይነቀላል። የመቱ ሰማይ ደግሞ ማጉረምረም ይወዳል፤ ስለዚህ ያ ስፒከር ከዘፈነበት የተነቀለበት ቀን ይበዛል።

የተረፈውን ቀን ኡርጌ ወሰደችው።

ኡርጌ ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤት ናት። ግድግዳ የተባለውም ወዲህ ሲያስነጥሱ ወዲያ «ይማርህ» የሚባልበት የጭቃ ግድግዳ ነው። የዲሪቤ የልብ ጓደኛ ነበረች፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን ያንን ደጅ ረግጣው አታውቅም። ለሰው «ባዶ ወንበሯን ማየት ከበደኝ» ትላለች። ለጭምዴሳ የምትለው ሌላ ነው። ዘፈኑ ትንሽ ከፍ ያለ እንደሆነ ግድግዳውን በዘነዘና ትደቃዋለች።

«ጭምዴሳ! ጆሮዬን!»

«ሲሶው ላይ ነው ያለው፣ አንቺ!»

«ሲሶው እንዲህ ከሆነ ሙሉው ሙት ይቀሰቅሳላ!»

ቀነዓ በመጣ ቁጥር በዚህ ይስቅ ነበር። «አባ፣ አንድ ቀን እስከ ጥግ ክፈተውና ኡርጌ ራሷ መጥታ ትጨፍር።»

«ከግማሽ ካለፈ ስፒከሩ ይቀደዳል።»

«ይቀደድ፣ ሌላ አመጣልሃለሁ።»

«እሺ» አለ ጭምዴሳ በመጨረሻ። «እሷ በበሬ የገባች ቀን እከፍተዋለሁ።» ማለቱ በጭራሽ አልከፍተውም ነው፤ ሆዱ ግን ሌላ ይመኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር፣ ቡናው በሚጓጓዝበት ሰሞን፣ ሰማዩ ጥርት ያለ እሑድ ነበር። ቀነዓ በዋዜማው ደውሎ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ነገ ወይ ሰኞ ጠዋት እገባለሁ» ብሏል። ከሰዓት በኋላ ጭምዴሳ መሣሪያውን በሥርዓቱ አብርቶ፣ ዲሪቤ ስትወቅጥ የምታንጎራጉረውን የድሮ የኦሮምኛ ዘፈን በለሆሳስ ለቆ እንደተቀመጠ በሩ ተንኳኳ።

ኡርጌ ናት። በበሩ! በእጇ በቅቤና በማር የራሰ ቂጣ ይዛለች። ከኋላዋ ሱሌማን፣ ከሱሌማን ኋላ የእድሩ ዳኛ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ሌሎች ጎረቤቶች። «ግቡ» እስኪል እንኳ አልጠበቁም፤ ገብተው ተቀመጡ። ኡርጌ ቀጥ ብላ ሄዳ የዲሪቤ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምን ተገኘ?» አለ ጭምዴሳ።

«ምን ይገኛል? ጎረቤት ጎረቤቱን አይጠይቅም?»

«እስከ ዛሬ ስትጠይቂኝ በዘነዘና ነበር። ዛሬ በቂጣ ሆነ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልዱ ከሚገባው በላይ ሳቀ። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ይነቃል፤ እናንተም ነቅታችሁ ይሆናል። ጭምዴሳ ግን ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ሲጠብቁት የኖሩት እንግዳ ሲመጣ «ለምን መጣህ?» አይባልም።

ሱሌማን ከጠረጴዛው ላይ የጭምዴሳን ስልክ አነሳ። «ባትሪው ሊያልቅ ነው ጋሼ፤ ሱቅ ወስጄ ቻርጅ ላድርግልዎ» ብሎ ኪሱ ከተተው። ኡርጌ ቂጣውን እየቆረሰች ጉርሻ በጉርሻ ላይ ትደርብበታለች። «ብላ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ብላ እንጂ!» ጭምዴሳ በላ። ከዲሪቤ ወዲህ ያጎረሰው ሰው አልነበረምና ዓይኑ ዕንባ አቀረረ፤ ቅቤው አነቀኝ ብሎ ሸፈነው።

ይሄኔ ከጓሮ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። የሴት ድምፅ ይመስላል፤ ቀጭን፣ ረዥም። ጭምዴሳ ጉርሻውን ይዞ ቀና አለ።

«ምንድን ነው?»

«ከፍ አድርገው!» አለች ኡርጌ።

«ምኑን?»

«ዘፈኑን ነዋ! ዕድሜውን ሲያንሾካሹክ የኖረ ስፒከር እንግዳ በመጣ ቀን ያፍራል? ከፍ አድርገው!»

ጭምዴሳ አያት። «ሙት ይቀሰቅሳል» ያለች ሴት ናት። በበሩም ገብታለች። ለልጁ የሰጠው ቃል ትዝ አለውና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቁልፉን አዞረ። ግማሹ ላይ ሲደርስ እጁ በልማዱ ቆመ።

«ከፍ አድርገው አልኩህ!»

እስከ ጥግ አዞረው።

ቤቱ ተናወጠ። ቡፌው ውስጥ ብርጭቆ ከብርጭቆ ተጋጨ፤ ከጣሪያው አቧራ ወረደ። ያን ጊዜ ጭምዴሳ እንደ ልጅ ሳቀ። «ለቀነዓ ልደውልለት፣ ይስማ! ስልኬን አምጣ፣ ሱሌማን!»

ሱሌማን በሩ ላይ ቆሟል። «ኔትወርክ የለም ጋሼ!» ብሎ በዘፈኑ ላይ ጮኸ።

«ግድ የለም፣ ሲመጣ ይሰማዋል! ነገ ይመጣ የለ!»

«ነገ ይመጣል» አለ ሱሌማን፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ።

ጭምዴሳ የኡርጌን እጅ ይዞ አስነሳት። ስንት ዘመን ጆንያ የተሸከመ ትከሻ፣ የዛገ ማጠፊያ እየመሰለ፣ ቀስ በቀስ ተላቀቀ። እሷም አብራው ረገጠች። እየረገጠች ዕንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር።

«ዲሪቤን አስታወሰሽ፣ አይደል?» አላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

የቀኙ ስፒከር የተቀደደው ያኔ ነው። ድምፁ እንደ ጉንፋናም ሰው ጎረነነ። ጭምዴሳ ሰምቷል። ሌላ ቀን ቢሆን ሮጦ ሶኬቱን ይነቅል ነበር። ያን ዕለት ግን «ይቀደድ! ቀነዓ ሌላ ያመጣል!» ብሎ ጭፈራውን ቀጠለ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ቀነዓ መስሎት በባዶ እግሩ ሮጦ ከፈተ። የትናንቶቹ ናቸው፤ ነጠላና ጋቢ ተከናንበው፣ ኡርጌ ከፊት።

«ምነው፣ ትናንት አልበቃችሁም?» አለ እየሳቀ። «ሳይነጋ ልትጨፍሩ ነው?»

የሳቀ የለም። ከሰዎቹ ኋላ አሜን ቆማለች፤ ፊቷ አብጧል፣ ድምፅ የሚባል አልቀረላትም። ትናንት ከጓሮ የጮኸችው እሷ ነበረች።

የእድሩ ዳኛ ነገሩት። ከበደሌ ወዲህ፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ መኪናው ተገልብጦ። አስከሬኑ ዛሬ ይገባል።

ጭምዴሳ አልወደቀም፣ ደረቱንም አልደቃም። «መቼ?» አለ።

«ትናንት።»

«ትናንት መቼ?»

ዳኛው ሱሌማንን አዩ፤ ሱሌማን መሬቱን አየ። «ረፋዱ ላይ» አሉ ዳኛው።

ጭምዴሳ ወደ ኡርጌ ዞረ። «ስጨፍር ሞቶ ነበር?»

ኡርጌ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

«አስጨፈርሽኝ!» አላት።

አገሩ የሚያውቀው ነው፤ መርዶ በጎህ ይነገራል እንጂ በቀትር አይነገርም። ሰውየው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ለልቅሶው ጉልበት ይዞ እንዲነሳ ይባላል። እሑድ ወሬው ሲደርስ «በእኛ በሙስሊሞቹ ሞት አያድርም፤ አሁኑኑ ይነገራቸው» ብሎ የተሟገተው ሱሌማን ብቻ ነበር። «አንዲት ሌሊት ይተኛ! ከዛሬ ወዲያ እንቅልፍ ከየት ያገኛል?» ብላ የረታችው ኡርጌ ናት። ተያይዘው የመጡት ብቻውን ሆኖ ከመንገደኛ አፍ እንዳይሰማ ሊጠብቁት ነበር። አሜንን ግን ማንም መያዝ አልቻለም። ልጅቷ ስትጮህ ኡርጌ ያገኘችው መሸፈኛ ያንን ስፒከር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ልቅሶ ላይ ተቀምጦ ሳለ ራሷ ተንበርክካ ነገረችው። ጭምዴሳ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«እኔ እንቅልፍ መች ለመንኩሽ?» አላት። ከዚያ ወዲህ አላናገራትም።

ይቅር ሊላት ይችል ነበር ይሆናል፣ ወሬው ባይቀድም። ግን ምን ይደረግ፣ ወሬ በእግሩ የሚሄድ አገር ሆነና! «ልጁ ሞቶ ሲጨፍር የዋለው አባት» ሁሩሙ ገበያ ደረሰ፣ የጎሬን ዳገት ወጣ። እያወቀ ጨፈረ የሚልም ተገኘ። ኖፓ ሲደርስማ ጭምዴሳ ኡርጌን ሊያገባ ድግስ ላይ ነበር ተባለ። አንድ ቀን ከጎሬ በሚኒባስ ሲመለስ ከፊቱ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ይህንኑ አንስተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ባለታሪኩ ከኋላቸው ትንፋሹን ውጦ እንደተቀመጠ አላወቁም። «ወራጅ አለ» ብሎ መሀል መንገድ ላይ ወረደ። ቤቱ በእግሩ ገባ።

አርባው አለፈ፣ ዝናቡ ገባ። ጭምዴሳ መሣሪያውን አልሸጠም፣ ለማንም አልሰጠም። በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ያራግፋል፣ አይጥ እንዳይበላው ሽቦውን ዳር እስከ ዳር ይዳብሳል። ሱሌማን አንድ ቀን መጥቶ «የስፒከሩ ወረቀት ብቻ ነው የተቀደደው ጋሼ፤ ልውሰድና ላስጠግንልዎ» አለው።

«ልጄ ሌላ አመጣለሁ ብሎ ነበር» አለ ጭምዴሳ። ሱሌማን ሁለተኛ አላነሳበትም።

እርጥበት እንዳይገባው ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ማሞቅ አለበት። ቀኑ እሑድ ከሰዓት ነው። ከግድግዳው ማዶ ኡርጌ የስታብላይዘሩን «ቋ» ትሰማለች። የያዘችውን አስቀምጣ ወደ ጭቃው ጠጋ ትላለች።

«ጭምዴሳ፣ ማሎ፣ ልቀቀው። ጆሮዬን አልልህም።»

ወዲህ ጭምዴሳ ወንበሩ ላይ ሆኖ የአምፕሊፋየሩን ቀይ መብራት ያያል። ድምፁ እስከ ታች ተቀንሷል። የምትለውን አልሰማም እንዳትሉ፤ ያ ግድግዳ ትንፋሽ እንኳ አይደብቅም።

«አንተ ጭምዴሳ! ግማሹን ብቻ! ሲሶውን!»

እጁን በመሣሪያው ጀርባ ላይ አድርጎ መሞቁን ያረጋግጣል። ከዚያ አምፕሊፋየሩን ያጠፋል። ቀጥሎ ስታብላይዘሩን፣ ቋ። ሶኬቱን ይነቅላል።