ከሲያትል የሚነሣው በረራ እንዴት ተረፈ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ የሲያትል አየር ማረፊያ ቼክ ኢን ካውንተር ላይ ነበር። ፓስፖርት አያለሁ፣ ሻንጣ እመዝናለሁ፣ ታግ አስራለሁ። ዓይኔ ከኮምፒውተሩ አልነቀል ስላለ አለቃዬ ካረን ጠጋ ብላ፣ «ሰዉን እያየሽ አናግሪ» አለችኝ።

የምንሠራለት የአውሮፓ አየር መንገድ ያኔ ከሲያትል አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ ሁለት የአውሮፓ ከተሞች ይበር ነበር። ሁለቱም ትልልቅ ከተሞች አይደሉም። አብዛኛው መንገደኛ እዚያ የሚያርፈው አውሮፕላን ቀይሮ ወደ ሌላ አገር ለመቀጠል ነው።

አንደኛው በረራ በሁለተኛ ዓመቴ ተዘጋ። በኢሜይል የመጣልን ምክንያት «መንገደኛ አነስተኛ ስለሆነ» የሚል ብቻ ነው። ለምን እንዳነሰ እኛን የጠየቀን ሰው አልነበረም። አብረውኝ የጀመሩት ልጆች ወደ ሌላ ሥራ ተበተኑ።

ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ በኋላ ሁለተኛውም በብርዱ ወራት ግማሹ ባዶ ሆኖ መብረር ጀመረ። ካረን ቢሮዋ ጠርታኝ፣ «ካልተሻሻለ ይሄም ይዘጋል» አለች። አየር ማረፊያው አጠገብ ያለውን የዴ ሞይን ቤቴን ኪራይና የልጆቼን ትምህርት ቤት እያሰብኩ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት አቶ መኮንንን የሌላ አየር መንገድ ሰልፍ ላይ አየኋቸው። ከሲያትል በስተሰሜን ያለችው የሊንውድ ነዋሪ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሁልጊዜ በእኛ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን አስቀየምንዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም፣ ልጄ። እናንተ እዚያ ስታደርሱኝ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ገና ተነሥቶ መሄዱ ነው። ከዚያ እስከ ማታ ወንበር ላይ። ጉልበቴ አልቻለም።»

ከዚያ በኋላ የተለየንን ደንበኛ ባገኘሁ ቁጥር እየጠየቅሁ ማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፍኩ። የብዙዎቹ መልስ ያው የአቶ መኮንን ነበር። ደብተሩን ለካረን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና፣ «ዕቅድ ክፍል የሚያየው ትኬት የገዛውን ነው። ያልገዛውን ማን ያየዋል?» አለች። በዚያው ቀን ከዕቅድ ክፍሉ ጋር ስብሰባ አስያዘች።

የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ ከአውሮፓ መጣ። «ከሲያትል አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢነሣ ለቀጣዩ በረራ ይደርሳል» አለ፣ «ግን አውሮፕላኑ አርፎ እናንተ ጋ የሚቆይበት ጊዜ ማጠር አለበት። ትችላላችሁ?»

ካረን ወደ እኔ ዞረች። እኔ የአውሮፕላን ጽዳት ቡድን መሪዋን አበራሽን ጠየቅኋት።

«ምግብ ጫኞቹ በኋለኛው በር ይግቡ፣ እኛ ከፊት እንጀምር» አለች። «ጊዜው የሚያልቀው እርስ በርስ ስንጠባበቅ ነው።»

ሙከራ ጀመርን። የመጀመሪያው ቀን ሻንጣ ጫኞቹ ዘገዩና አልተሳካም። በአራተኛው ቀን ግን ደቂቃዎች ተርፈውን ጨረስን።

የበረራው ሰዓት ተቀየረ። በብርዱ ወራት በሳምንት የሚበርባቸው ቀናት ተቀነሱ እንጂ በረራው አልተዘጋም። ትራንዚት የሚያደርጉት መንገደኞችም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ለአበራሽ ስነግራት ጓንቷን እያወለቀች፣ «እንግዲያው ሥራ አለን» ብላ ሣቀች።

አዲስ ለሚገቡ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ሌላ አየር መንገድ የመረጠ ደንበኛ ካገኛችሁ ምክንያቱን ጠይቁት። ጻፉትና ለአለቃችሁ ስጡ።