ከቁጥር የወጡት ግቦች

ወንድሜ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ሲመላለስ ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ፣ አንድ ደብተር አይለየውም። የብሔራዊ ቡድናችንን አሰልጣኞች በተራ ጽፎበታል። ከተጫዋቾቹም ማን ብዙ ጊዜ እንደተሰለፈ፣ ማን ስንት ግብ እንዳገባ፣ ሁሉንም። ከሬዲዮ እየሰማ፣ ስልኩ ላይ እየፈለገ፣ ትልልቅ ሾፌሮችን እየጠየቀ ነው የሰበሰበው። አሰልጣኞቹን በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፋል። ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁንን ብቻ በቀይ።

እናታችን አንድ ቀን አይታ ደነገጠች። «በቀይ የሚጻፈው እኮ የቅዱሳን ስም ነው!»

«እማዬ፣ ይህን ቡድን ለዋንጫ ያደረሰ ሰው ከጻድቅ በምን ያንሳል?» አላት። ልትቆጣ ጀምራ ሳቀች።

መናኸሪያው አጠገብ ወዳጁ የሆነ ፀጉር አስተካካይ አለ። ሁለቱ የሚጨቃጨቁት ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ለብሔራዊ ቡድኑ ብዙ ግብ ያገባው ማን ነው? ወንድሜ አንድ የድሮ አጥቂ ይጠራል። ፀጉር አስተካካዩ በእኛ ዘመን የተጫወተውን። ልዩነቱ ያለው አንድ ጨዋታ ላይ ነው። ያ ጨዋታ ከተቆጠረ የድሮው ይበልጣል፤ ካልተቆጠረ የአሁኑ። ተወራረዱ። የተረታው ራሱን ሙልጭ ተደርጎ ሊላጭ።

ወንድሜ ፀጉሩን ይወድ ነበር። በመኪናው መስታወት ሲያበጥር ሾፌሩ ጡሩንባ ይነፋበታል።

«ያችን ጎፈሬ ተሰናበታት» ይለዋል ፀጉር አስተካካዩ።

«ምላጩ ያለው በአንተ እጅ ነው፤ በራስህ ጀምር» ይላል ወንድሜ።

ባለፈው ክረምት ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ መኪናው ተገለበጠ። ሾፌሩ ተረፈ። ወንድሜ... ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልሁም። ሞክሬ ሰርዤዋለሁ።

በሠልስቱ ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ተላጭቶ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ለቀስተኛው «ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው» አለ። እሱ ግን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ረትቶኛል ብያለሁ። ከሞተ ሰው ጋር ክርክር የለም» አለኝ።

እኔ አልተላጨሁም ነበር። አጎቴ «የወንድም ልቅሶ በጎፈሬ ይለቀሳል?» ብሎ ተቆጣኝ። ከተላጨሁ እውነት የሚሆን መሰለኝ።

ከአርባው በኋላ ሾፌሩ እያነከሰ መጥቶ የወንድሜን ቦርሳ ሰጠን። ደብተሩ ውስጡ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ያ ጨዋታ ከክለብ ጋር የተደረገ ነው። አይቆጠርም። ስመለስ እላጫለሁ።»

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ከቤት ወጥቼ እስከ መናኸሪያው እሄዳለሁ፣ የአዲስ አበባ አውቶብስ ሲሞላ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። እንደገና እወጣለሁ። እናቴ «ምን ጠፍቶህ ነው?» ትለኛለች። ለፀጉር አስተካካዩ ብነግረው ወንድሜን ላስረታው ነው። መልስ መስጠት የማይችለውን። ባልነግረውስ? ሰውየው በሐሰት እንደተላጨ ሊቀር ነው። ወንድሜ ደግሞ ሬዲዮ ላይ ስህተት ሲሰማ እንኳ ሬዲዮውን የሚሰድብ ሰው ነበር። «የማታውቁትን አትቁጠሩ!» እያለ።

ሦስት ጊዜ እስከ ፀጉር ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። በአራተኛው ገባሁ። ደንበኛ አልነበረም። የእሱ ፀጉር አድጎ ነበር። ይህን ሳይ ተናደድሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ገጹን ገልጬ ሰጠሁት።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ሦስተኛ ሊጀምር ሲል ዓይኑን ጠረገ።

«ምን ሊያደርግልኝ አመጣኸው?» አለኝ። «እኔ እኮ መረታቴን ወድጄው ነበር።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። «ጋሼ፣ ይላጩኝ» አልሁት።

«ለልቅሶው?»

«ለውርርዱ። ስመለስ እላጫለሁ ብሎ የለ።»

ደብተሩን መለሰልኝ። ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረ። የፀጉር ማሽኑን ሲያስነሳ ከድምፁ በላይ ጮክ ብሎ፣ «አዲስ አሰልጣኝ ተሾመ አሉ። ጽፈኸዋል?» አለኝ።

«አልጻፍሁም።»

«ጻፈው እንጂ! ደብተሩ ይዘጋ?» ራሴን በመዳፉ ወደ ፊት ደፋው። «በሰማያዊ ይሁን ግን። ቀዩን እናያለን።»

ደብተሩ ጭኔ ላይ ነበር። ፀጉሬ እየተጠቀለለ ላዩ ላይ ይወድቃል። ራሴን ቀዝቃዛ አየር ሲነካው ልቅሶዬ መጣ፤ በሠልስቱም በአርባውም ያልመጣው። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አላጠፋም። በበሩ ከሚያይ ሰው ሊሸፍነኝ ብሎ ፊት ለፊቴ ዞሮ ቆመ፤ ከዚያ ወገን መላጨቱን ቀጠለ።