ፍሬኑ የተበጠሰ ምላስ

የአንጎል ሐኪሟ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ከረባታቸውን በወጉ አስረዋል፤ ጫማቸው ያብረቀርቃል። ምላሳቸው ግን ፍሬን በጥሷል።

«አንተ፣ ይህ ፂም አላማረብህም» አሉት ዘበኛውን። እኔንም አልማሩኝም፤ «ልጄ፣ ጆሮህ ለሁለት ሰው ይበቃል።»

አጠገባቸው ያሉት ሚስታቸው ለተሰደበው ሁሉ ከረሜላ ያድላሉ። «ይቅርታ ልጄ፣ የሆድን በሆድ የሚያስይዘው የአንጎላቸው ክፍል ታሞ ነው። ድሮ ቃል የማይወጣቸው ጭምት ነበሩ።»

ሐኪሟ ብቅ አለችና፣ «አይዞዎት እማማ፣ እሳቸው በመድኃኒት እንደ ድሮው ይሆናሉ» አለቻቸው።

ይሄኔ አዛውንቱ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺ ግን ዛሬም ታምሪያለሽ።»

እማማ የቀረውን ከረሜላ በሙሉ ሐኪሟ እጅ ላይ ዘረገፉት።

«ታዲያ ምን ያስቸኩላል፣ ልጄ?»