በሂስ ስብሰባ ላይ ያነበብኳቸው ሁለት ገጾች

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ዘመሮ በምትባል የደጋ ከተማ አስተምር ነበርና ብርድ ነው ብዬ በበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ በበና፣ ተጠቅልዬ ከረምኩ። ከዚያ ላብ መጣ። ቀሚሴ ሰፋኝ።

መሐል ሜዳ ክሊኒክ የሚሠሩት ድሬሰር፣ አቶ ዘለቀ፣ አክታዬን አስመረመሩ። «የሳንባ ቲቢ ነው። በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን ትወጊያለሽ፤ ለወራትም ኪኒን ትውጫለሽ። እዚሁ መቆየት አለብሽ» አሉኝ።

ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄድኩ። የአቶ ዘለቀን ወረቀት አላነበበውም። «የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ነን። እናቶች ፊደል ሊቆጥሩ እየጠበቁሽ አንቺ ልትተኚ?» አለኝ።

ሦስት ሳምንት አስተማርኩ። አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት ሳልኩ። ደም ነበር። በእጄ የያዝኩት ጠመኔ ቀላ።

ሳላስፈቅድ ለሕክምናው ሄድኩ። እሱም «ከአብዮታዊ ግዴታዋ የሸሸች» ብሎ ጻፈብኝ። በዚያ ዘመን እንዲህ የተጻፈበት ሰው ቤቱ ስለማደሩ እርግጠኛ አልነበረም።

መሐል ሜዳ በተከራየኋት ክፍል ተኝቼ ሳለ አቶ ዘለቀ ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፍ አመጡልኝ። አንድ ስመ ጥር የልቦለድ ደራሲ ሕይወቱንና መጻፍ እንዴት እንደተማረ የተረከበት ነው። እኔ ግን ያነበብኩት ያንን ርዕሰ መምህር በወረቀት እንዴት እንደምበቀለው ለመማር ነበር።

ጻፍኩ። አረመኔ አልኩት፤ ጅብ አልኩት። ለአቶ ዘለቀ አነበብኩላቸው።

«ልጄ፣ ስድቡን ሰማሁ፤ ሰውየውን ግን አላየሁትም» አሉ።

ተናድጄ ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ። ደራሲው በወጣትነቱ ስለሚጠላው አሠሪው ሲጽፍ ስድቡን ሁሉ ሰርዞ፣ የሰውየው እጅ ምን ይሠራ እንደነበር ብቻ እንዳስቀረ ይናገራል። እኔም ሰረዝኩ። ርዕሰ መምህሩ የአቶ ዘለቀን ወረቀት ሳያነብ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ እንደከተተው፣ እኔ ስስል ወንበሩን ወደ ኋላ እንደገፋ፣ ያለኝንም ቃል እንዳለ አሰፈርኩ። በሶ እየጠጣሁ አቅሜ ሲመለስ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ጮክ ብዬ እያነበብኩና የማያስፈልገውን ቃል እየነቀስኩ ስምንት ጊዜ ጻፍኩት።

አክታዬ ንጹህ ሲሆን የቀረኝን ኪኒን ይዤ ዘመሮ ተመለስኩ። ርዕሰ መምህሩ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ በሕዝብ ፊት አቆመኝ። «ጥፋትሽን ተናገሪ» አለ።

ሁለቱን ገጾች አነበብኩ። ስጨርስ ፊደል ከማስቆጥራቸው እናቶች አንዷ፣ ወይዘሮ አስካለ፣ ብድግ አሉ።

«ጓድ፣ በእኛ ስም ነው እንዴ ደም ያስተፏት?»

ርዕሰ መምህሩ መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ለመቀመጥ አልቸኮልኩም። ክሱም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሲያየኝ መንገድ ይሻገር ነበር፤ እኔም ሆን ብዬ እሱ በሚያልፍበት አልፍ ነበር።

አቶ ዘለቀን እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ የወይዘሮ አስካለንም ነፍስ ይማር። ዛሬ የምትስሉ ሰዎች፣ ሳሉ ቆመልን ብላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ እስከ መጨረሻው ኪኒን ዋጡት። የበደላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ያደረገውን ብቻ ጻፉ፤ አንዲት ቃል አትጨምሩበት። ይቅር ብለሽዋል ወይ የሚሉኝ አሉ። እስካሁን አላልኩትም። ሳንባዬ ግን ድኗል።